አብሮ መሳፈር ቡድን አያሰኝም



የሕክምና፣ የነርስ፣ የላቦራቶሪና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች ባንድ አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ወረዳ ስለ ሄዱ ብቻ «ቡድን» ሊባሉ አይገባም። አብሮ መሳፈርማ ገበያተኛም አብሮ ይሳፈራል። ቡድን የሚባለው አንዱ የሌላውን ዕውቀት ሲፈልግና ሲያከብር ነው።

ይህ አሳብ ትናንት ከውጭ አገር የመጣ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት የጤና መኮንኑን፣ የኮሙኒቲ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን አብሮ አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ለመላክ ነበር። በአልማ አታ የተሰበሰቡት መንግሥታት የጤና ሠራተኞች በቡድን ለመሥራት ሊሠለጥኑ ይገባል ያሉት ከዚያ 24 ዓመት በኋላ፣ በ1978 ነው። እንግዲህ በገዛ አገራችን የተጀመረውን እንደ እንግዳ ነገር መቍጠር ያሳፍራል።

«ሐኪም የሚሆን ሰው ምንጭ ሲያጐለብት ሊከርም አይገባውም፤ ጊዜ ማባከን ነው» የሚሉ አሉ። እስቲ ወደ መንዝ እንውጣ። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ደጋ ሰው ባናውን ደርቦ ይተኛል፤ ውኃ ከራቀና ማገዶ ካነሰ ልብስ መቀቀል ይቸግራል። በእንዲህ ያለ ቤት በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ቢገባ ማን ብቻውን ይችለዋል? ጀርሙን በደም ውስጥ አይቶ የሚናገረው የላቦራቶሪው ሰው ነው። መድኃኒቱን ሐኪሙ ያዝዛል። መድኃኒቱ በተሰጠ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ግን ትኩሳቱ ሊያሻቅብ፣ የደም ግፊቱም ሊወርድ ይችላል፤ ያን ጊዜ የበሽተኛው ነፍስ ያለችው አጠገቡ በምትጠብቀው ነርስ እጅ ነው። ልብሱና መኝታው ካልጸዳ የዳነው ሰው ወደዚያው ቅማል ይመለሳል፤ ይህም የአካባቢ ጤና ባለሙያው ሥራ ነው። ጎረቤቱ ማን እንደ ታመመ የምታውቀው ደግሞ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ታዲያ ከነዚህ ማንኛው ትርፍ ነው?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ» እያልን በየስብሰባው እንተርታለን፤ ፈተናው ሲመጣ ግን እያንዳንዱ የሚመዘነው ለብቻው በተሸከመው ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በመስክ ለተሠራው ሥራ ቡድኑ የጋራ ውጤት ይሰጠው። ሁለተኛ፣ የቡድኑ አለቃ በትምህርት ክፍሉ ስም ሳይሆን በችግሩ ዓይነት ይመረጥ፤ ችግሩ የውኃ ከሆነ የአካባቢ ጤናው ተማሪ ይምራ፣ የሕክምናውም ተማሪ ይታዘዝ። ሦስተኛ፣ መምህራኑም ሪፖርታችንን ለየብቻ ሳይሆን ባንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ይስሙ። እነሱ ሳይነጋገሩ እኛን «ተባበሩ» ማለት አያምርም።

ነገ ግሼ ወይም መርሐቤቴ ስንመደብ ሥራውን የምንካፈለው ከነዚሁ ባለሙያዎች ጋር ነው። በሽተኛ ተኝቶ ሳለ የሌላውን ሙያ መማር ዘግይቷል። መማሪያው ጊዜ አሁን ነው!