የቡና ዘላቂነት ማረጋገጫና የወረዳው መዝገብ

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በካዛንቺስ አካባቢ የጀበና ቡና የሚጠጣ ሰው ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደተለቀመ አይጠይቅም፤ ጣዕሙና መዓዛው ይበቃዋል። የአውሮፓ ኅብረት ገበያ ግን ጣዕምን ብቻ አይቶ የሚገዛበት ጊዜ እያበቃ ነው። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ ቡናን ጨምሮ ሰባት የምርት ዓይነቶች ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት አለመምጣታቸው በማስረጃ እንዲረጋገጥ ያዛል። የሕጉ ተፈጻሚነት ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ለትላልቅና ለመካከለኛ ኩባንያዎች ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም፣ ለአነስተኛና ጥቃቅን ድርጅቶች ደግሞ ሰኔ 23 ቀን 2019 ዓ.ም እንዲሆን ተወስኗል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ቀላል አይደለም። አገሪቱ በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ወጪ ንግድ ከ2 ነጥብ 6 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ያገኘች ሲሆን፣ የአውሮፓ አገሮችም ከዋነኞቹ ገዢዎች መካከል ናቸው። የምርቱ አብዛኛው ክፍል የሚገኘው ግን አነስተኛ ማሳ ካላቸው አርሶ አደሮች ነው። በሕጉ መሠረት ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ የቡና ማሳ ሙሉ ወሰኑ፣ ከዚያ በታች የሆነው ደግሞ ቢያንስ አንድ የመገኛ ነጥቡ በኬክሮስና በኬንትሮስ ሊመዘገብ ይገባል።

የምርት መገኛ ጥያቄ ለአገሪቱ አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም ሥራ ከጀመረና ቡናም በዚሁ ሥርዓት ማለፍ ከጀመረ በኋላ የዋጋ መረጃና የክፍያ ዋስትና መሻሻል አሳይተዋል። ይሁንና ቡናው በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ይቀላቀል ስለነበር የአንድን አርሶ አደር ምርት ለይቶ መከታተል አዳጋች ሆኖ ቆይቷል። የፍትሐዊ ንግድና የኦርጋኒክ ማረጋገጫዎችን ይዘው የዘለቁት በዋናነት በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ የተፈቀደላቸው እንደ ኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ያሉ ማኅበራት ናቸው። አዋጅ ቁጥር 1051/2009 በአምራቹና በገዢው መካከል ያለው ሰንሰለት እንዲያጥር በር ከፍቷል።

በዚህ ረገድ ከቡና ርቆ ከሚታየው የዓሣ ሀብት ዘርፍም ትምህርት መቅሰም ይቻላል። መቀመጫውን በካዛንቺስ ያደረገው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2016 ለአፍሪካ አገሮች የሰማያዊ ኢኮኖሚ የፖሊሲ መመሪያ መጽሐፍ ማውጣቱ ዘርፉ ለአህጉሪቱ ያለውን ክብደት ያመለክታል። በሕንድ ውቅያኖስ ቱና የተባለውን ዓሣ በዘንግና በመንጠቆ አንድ በአንድ የሚያጠምዱት የማልዲቭስ ዓሣ አስጋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 የዘላቂነት ማረጋገጫ አግኝተዋል። ማረጋገጫውን ለማጽናት ግን የአስጋሪዎቹ ጥንቃቄ ብቻውን አልበቃም። በውቅያኖሱ የሚጠመደው ዓሣ መጠን እንደ ሀብቱ ሁኔታ የሚወሰንበት ደንብ ያስፈልግ ነበር። የማልዲቭስ መንግሥት ሐሳቡን ለሕንድ ውቅያኖስ የቱና ኮሚሽን አቅርቦ ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2016 ሊጸድቅ ችሏል። ከዚህ መረዳት የሚቻለው የግል ድርጅት የሚሰጠው ማረጋገጫ በመንግሥት ሥራ ላይ የሚቆም መሆኑን ነው።

በኢትዮጵያ ይህን መሠረት ሊጥሉ ከሚችሉት ሰነዶች አንዱ በየወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይገኛል። የሁለተኛ ደረጃ የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ የማሳውን ወሰን በካርታ ያሳያል። ይህ መረጃ ከግብርናና ከኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤቶች መዝገብ ጋር ካልተናበበ እያንዳንዱ ላኪ ያንኑ ማሳ እንደገና ያስለካል። ወጪውም ውሎ አድሮ ለአርሶ አደሩ ከሚከፈለው ዋጋ ላይ መቀነሱ አይቀርም።

በጥብቅ ሊታሰብበት የሚገባው ደግሞ የደን ቡና ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት በተመዘገቡት በካፋና በያዩ፣ ነዋሪው ከዛፍ ጥላ ሥር ቡና እየለቀመ ደኑን ጠብቆ ኖሯል። የዚህ አርሶ አደር ይዞታ ከእርሻ ማሳ ጋር ብቻ ተያይዞ ከታየና ለቀማው ሳይመዘገብ ከቀረ፣ ደንን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ የደኑን ጠባቂ ከገበያ ሊያስወጣ ይችላል።

በመሆኑም እስከ 2019 ዓ.ም የቀረው አጭር ጊዜ ሌላ መራዘም የሚጠበቅበት ሊሆን አይገባም። የወረዳ ባለሙያው በጥንቃቄ የሚመዘግበው እያንዳንዱ ማሳ በሃምቡርግ ወይም በአንትወርፕ ወደብ ለሚጠየቀው ጥያቄ መልስ ነው።