በደብተር ኅዳግ የተሣለ ፈረስ

ባለፈው ሰሞን አንድ ተማሪያችን በሒሳብ ደብተሩ ኅዳግ ላይ ፈረስ ሲሥል አግኝተን «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» ብለን ገሠጽነው። አባቱም «ዘመድ አዝማድ ምን ይለኛል?» እያለ ይከለክለው ኖሯል። ልጁ ደብተሩን ከድኖ አቀረቀረ። ማታ ግን ኅሊናችን ወቀሰን፤ የሠዓሊው የአፈወርቅ ተክሌ ታሪክ ትዝ ብሎናልና።

አፈወርቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1947 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር። መምህራኑ ግን ተሰጥዎውን አይተው አበረታቱት፤ እርሱም በሎንዶን ሥዕልን ተማረ። ወደ አገሩ ከተመለሰም በኋላ መማርን አልተወም፤ ዳግመኛ ወደ አውሮፓ ሄዶ የባለቀለም መስተዋትን ሥራ መረመረ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሚታየው፥ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው የመስተዋት ሥዕል የዚህ ድካም ፍሬ ነው።

ልጅ ሁሉ ሠዓሊ ይሆናል አንልም፤ ሒሳቡም ሊቀር አይገባም። ነገር ግን እየፋቀና እያረመ የሚሥል ልጅ ትዕግሥትን ይማራል፤ ስሕተቱንም ሳያፍር ማየት ይለምዳል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ «ሰው ምን ይላል?» ከማለታችን በፊት ሥዕሉን ተቀብለን እንመልከተው።

እኛም በማግሥቱ ልጁን ጠርተን፥ ፈረሱን እንዲጨርስ ነጭ ወረቀት ሰጠነው።