የዘጠነኛ ክፍል አንዲት ሲ

ሜይ ሲመጣ የአትላንታ ሐበሻ ቅዳሜና እሁዱን ከምረቃ ድግስ ወደ ምረቃ ድግስ ሲዞር ይከርማል። ክትፎው ቀርቦ፣ የልጁ ፎቶ በትልቁ ታትሞ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ አባት ይነሳና እግዚአብሔርን ያመሰግናል። ከንግግሩ የማትቀር አንዲት ነገር አለች፤ «ስኮላርሺፕ አግኝቷል»። ይጨበጨባል፣ እልል ይባላል። ከማን፣ ለስንት ዓመት፣ ምን ቢያጎድል የሚነጠቅ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ድግስ ላይ መጠየቁ ነውር ነው፣ ይሁን። እኔን የሚቆጨኝ ከአራት ዓመት በፊት፣ ልጁ ሃይስኩል ሲገባም ማንም አለመጠየቁ ነው።

እኛ ወላጆች ያደግነው በአንድ ፈተና ነው። ማትሪክ ያነሳል፣ ማትሪክ ይጥላል፤ ዘጠነኛ ክፍል ሂሳብ ስንት እንዳመጣን ዞር ብሎ ያየ አልነበረም። አገር ቤት ነገሩ ዛሬም ብዙ አልራቀም። በእኛ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ አገር ምድሩ ያወራው ስለዚያች ቁጥር ነበር። ይህ ልማድ አብሮን ባሕር ተሻግሯል። «ገና ዘጠነኛ ክፍል ነው፣ ይረጋጋ» እንላለን። «አሥራ አንደኛ ሲደርስ አስጠኚ እንቀጥርለታለን» እንላለን። ጆርጂያ ግን መቁጠር የምትጀምረው ከዘጠነኛ ክፍል የመጀመሪያው ሴሚስተር ነው።

የምትቆጥረው ለስቴቱ ስኮላርሺፕ የሚያበቃውን ውጤት ነው፤ የምትቆጥርበትም የራሷ መንገድ አላት። ይህ ሆፕ የሚባለው ስኮላርሺፕ የተጀመረው እንደ ፈረንጆቹ በ1993 ነው። ገዥው ዜል ሚለር ሎተሪ ይፈቀድ፣ ትርፉም ለትምህርት ይዋል ብሎ ተከራከረ፤ ሕዝቡም በ1992 በጠባብ ልዩነት አጸደቀለት። መጀመሪያ የቤተሰብ ገቢ ከ66,000 ዶላር ካለፈ አይሰጥም ነበር፤ ቀጥሎ ጣሪያው 100,000 ሆነ፤ በ1995 ጭራሹን ተነሳ። ዛሬ የቀዶ ሐኪም ልጅም፣ የኡበር ነጂ ልጅም ውጤቱ ከደረሰ እኩል ይወስዳል።

ገንዘቡ ከሁሉም ኪስ እኩል ይወጣል ማለት ግን አይደለም። ከእኛ መካከል ነዳጅ ማደያ የሠራ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ያደረ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። ማታ ማታ ስክራች ቲኬት ገዝቶ እዚያው ቆሞ በሳንቲም የሚፍቀው የሥራ ልብሱን ገና ያላወለቀ ሰው ነው። ቲኬቱን የምንሸጠው እኛ፣ አንዳንዴም የምንፍቀው እኛው። የልጆቻችን ድርሻ ደንቡን ባለማወቅ ሲቀር የማይናደድ ካለ እሱ ከእኔ የተሻለ ትዕግሥት አለው።

ባለፈው ዓመት ኦገስት ላይ፣ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ሻይ ይዘን ቆመን፣ አንድ አባት ስልኩን አወጣ። «ጋሼ፣ እስቲ ይህን እዩልኝ» አለኝ። የልጁ ካርድ ነው፤ ልጁ 12ኛ ክፍል ገብቷል። ጂፒኤ 3.4 ይላል። «ሆፕ የሚጠይቀው 3 ነጥብ ነው አይደል? አለፍን ማለት ነው።» ልጁ አጠገቡ ቆሟል፣ ወለሉን ያያል። ልጁን ሳየው ነገሩ ገባኝ።

ጂኤ ፊውቸርስ የሚባለው የስቴቱ ድረ ገጽ ላይ ልጁ አካውንት ከፍቶ ያውቅ ነበር። ገባን። የሆፕ ጂፒኤው 2.84 ነው።

አባትየው ትምህርት ቤቱ የተሳሳተ መሰለው። አልተሳሳተም። የትምህርት ቤቱ ካርድ ሁሉንም ይደምራል፤ ስፖርቱን፣ ኦርኬስትራውን፣ ምግብ ዝግጅቱን፣ ለኦነርስ ክፍል የሚሰጠውን ጭማሪ ነጥብ ጨምሮ። ስቴቱ ግን አምስት ነገር ብቻ ያያል፤ እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ሳይንስና የውጭ ቋንቋ። ትምህርት ቤቱ የጨመረውን ነጥብም መልሶ ያወርደዋል። ኦነርስ ክፍል ተወስዶ የመጣ ቢ፣ ለስቴቱ ቢ ነው፣ 3 ነጥብ ነው፣ አለቀ። ጭማሪ የሚሰጠው ከእነዚህ ከአምስቱ አንዱ በኤፒ፣ በአይቢ ወይም ሃይስኩል ሆኖ በሚወሰድ የኮሌጅ ትምህርት ሲሆን ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ቢ ያመጣ 3.5 ይያዝለታል። ኤ ያው 4 ነው፣ ከዚያ አያልፍም።

አንድ ኤንቨሎፕ ገልብጬ ከጀርባው ጻፍንበት። እስከ 11ኛ ክፍል መጨረሻ የሚቆጠሩለት 13 ትምህርቶች ናቸው፤ ነገሩን ለማቅለል ዓመት ሙሉ የተወሰደውን አንድ አልነው። ሦስት ኤ፣ አምስት ቢ፣ አምስት ሲ። 12፣ 15፣ 10፤ ድምሩ 37። ለ13 ሲካፈል ያው ድረ ገጹ ያለው ነው። ከአምስቱ ሲዎች አራቱ የዘጠነኛ ክፍል ናቸው። ቤተሰቡ ያን ዓመት ነው ቤት የቀየረው፤ እናት የሌሊት ሥራ የጀመረችውም ያኔ ነው። ይህን ኮምፒውተሩ አያውቅም።

በ12ኛ ክፍል አራት ትምህርት ይቀረዋል። 17 ትምህርት በ3 ሲባዛ 51። ስለዚህ ከአራቱ 14 ነጥብ ማምጣት አለበት፤ ሁለት ኤ፣ ሁለት ቢ። አባት «ይችላል» አለ። ልጁም ዓመቱን በሙሉ ለፋ፣ ይህን መመስከር አለብኝ። ሜይ ላይ አንድ ኤ፣ በኤፒ አንድ ቢ፣ ሌሎች ሁለት ቢዎች ሆነ። 13.5። ከ37 ጋር 50.5፤ ለ17 ሲካፈል 2.97።

ለ2.97 ሆፕ የለም። ከዘጠነኛ ክፍል አራት ሲዎች አንዷ፣ ማንኛዋም፣ ቢ ብትሆን ኖሮ 3.02 ይሆን ነበር። ልጁ አሁን ኮሌጅ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን 30 ክሬዲቶች ቤተሰቡ ይከፍላል። እዚያ ሲደርስ የኮሌጅ ጂፒኤው 3.0 ከሆነ ሆፕ ይከፈትለታል። ይህን ሁለተኛ በር ብዙ ሰው ስለማያውቀው ጠንከር አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ ሃይስኩል ላይ ያመለጠው ሰው አልቆለታል ማለት አይደለም።

ነጥቡ ቢሞላም አንድ ሌላ ነገር አለ፤ አራት ክሬዲት ጠንካራ የሚባል ትምህርት መወሰድ አለበት፤ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ከፍ ያለ ሂሳብ፣ ኤፒ የመሳሰለው። ቀላል ክፍል እየመረጠ 3.5 የሰበሰበ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል።

ስለ ዜል ሚለር ስኮላርሺፕም ይጠይቁኛል። 3.7 ጂፒኤ፣ ከዚያ ላይ በኤስኤቲ 1200 ወይም በኤሲቲ 25 ይፈልጋል። አንዳንዱ ወላጅ ልጁን በዚህ በ3.7 ቁም ስቅሉን ያሳየዋል። አሁን ባለው አሠራር የሕዝብ ኮሌጅ ለሚገባ ልጅ ሆፕም ዜልም ሙሉውን የትምህርት ክፍያ ይሸፍናሉ፤ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ነገር ግን ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል። በ2011 የሎተሪው ገንዘብ አልበቃ ሲል ሆፕ ተቆረጠ፤ የመጽሐፍና የልዩ ልዩ ክፍያዎች ድጎማው ቀረ፤ ሙሉ ክፍያው ለዜል ሚለር ብቻ ተተወ። ሆፕ ወደ ሙሉ ክፍያ የተመለሰው ከ2023 መከር ጀምሮ ነው። የሆፕ መጠን በየዓመቱ በበጀት ይወሰናል፤ የዜል ሙሉነት ግን በሕግ የተጻፈ ነው። ስለዚህ 3.7 መድን ነው፤ 3.0 ግን ዳቦው ነው። እኔ ብሆን ልጄ 3.0ን በሰፊው ማለፉን ሳላረጋግጥ ስለ 3.7 አላወራም።

ሁለቱም መኝታና ምግብ አይከፍሉም። ከቤት ርቆ ለሚማር ልጅ ይህ ወጪ ብዙ ጊዜ ከትምህርት ክፍያው አያንስም። «ሙሉ ስኮላርሺፕ» ብሎ ድግስ ላይ ያወጀ አባት ኦገስት ላይ የዶርም ክፍያ ሲመጣለት አይተናል።

አንዴ ተገኘ ማለትም ለዘለቄታው ተያዘ ማለት አይደለም። በ30፣ በ60፣ በ90 ክሬዲትና በየዓመቱ ስፕሪንግ ሲያልቅ ይታያል። ለሆፕ 3.0፣ ለዜል 3.3። ከዜል የወረደ 3.0 ካለው ወደ ሆፕ ይዞራል፤ ሆፕ የጠፋበት ግን መልሶ የሚያገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ከባድ ትምህርት ከሃያና ሠላሳ ሰዓት ሥራ ጋር የሚያጣምሩ ልጆቻችን እዚህ ላይ ነው የሚወድቁት። ልጁ በሳምንት የሚያመጣው ደመወዝ ከሚያጣው የትምህርት ክፍያ ጋር ይወዳደር እንደሆነ ቁጭ ብሎ ማስላት ነው።

የወረቀት ጉዳይም አለ። ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛ ሆኖ የገባ፣ ጥገኝነቱ የጸደቀለት፣ እነዚህ ይችላሉ። ጥገኝነት ጠይቆ ገና መልስ የሚጠብቅ ልጅ፣ 4.0 ቢያመጣም አያገኝም። ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ቤት ረከሰ ብላችሁ ወደዚህ የምትመጡም ልብ በሉ፤ ልጁ እዚህ ሃይስኩል ቢጨርስም ኮሌጅ ከመጀመሩ በፊት ቤተሰቡ 12 ወር ነዋሪ ሆኖ መቆየት አለበት። ጃንዋሪ ላይ ተጠቅልሎ ገብቶ ኦገስት ላይ ሆፕ የለም።

ስለ አይቪ ሊግ አጭር ቃል፤ ስምንቱም በውጤት ብቻ ስኮላርሺፕ አይሰጡም፣ የሚሰጡት ገቢ አይተው ነው። ስለ ናሽናል ሜሪትም እንዲሁ፤ የሚቆጠረው የፒኤስኤቲ ፈተና በ11ኛ ክፍል ኦክቶበር የሚወሰደው ብቻ ነው፤ የንባቡ ውጤት ደግሞ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ልጃችን ሂሳብ ላይ አንበሳ ነው ማለት እዚያ አያዋጣም። ሽልማቱም ራሱ አንድ ጊዜ የሚሰጥ 2,500 ዶላር ነው፤ ትልቁ ገንዘብ የሚመጣው ተሸላሚዎችን ከሚሻሙ አንዳንድ ኮሌጆች ነው። ከመላው አሜሪካ ለግማሽ ፍጻሜ የሚደርሱት 16,000 ያህል ናቸው። ልጃችሁ ከእነሱ አንዱ ከሆነ እሰየው፤ ለብዙዎቻችን ግን ሰፊው በር ሆፕ ነው።

የምር የሚያሳስበኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ብዙዎቻችን ቤት ካርዱን የሚያነብልን ልጁ ራሱ ነው። የትምህርት ቤቱን ኢሜይል የሚተረጉመው እሱ፣ ካውንስለሩ ሲደውል አስተርጓሚው እሱ፣ የፖርታሉ ፓስወርድ ያለው እሱ ጋ። ተከሳሹም አስተርጓሚውም አንድ ሰው የሆነበት ችሎት ነው። «ምን ይላል?» ስንል «ጥሩ ነው፣ ማሚ» ይላል። ልጆቹ ውሸታሞች ሆነው አይደለም፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሲውን ለእናቱ አይተረጉምም፣ እኛም በእድሜው አንተረጉምም ነበር። እናት ደግሞ የአሥራ ሁለት ሰዓት ሽፍት ውላ ገብታ «ጥሩ ነው» ስትባል መስማት የምትፈልገው ያንኑ ነው።

ካውንስለሮቹን መውቀስ ይቀላል። አንዱ ካውንስለር ስንት መቶ ልጅ እንደሚይዝ የሚያውቅ ግን ብዙ አይወቅስም። ትምህርት ቤት አስተርጓሚ ጠይቁ ቢባልም እናፍራለን፤ እንግሊዝኛ የማያውቅ እንዳንባል። ጠይቁ። መብታችሁ ነው፤ ልጃችሁንም ከአስተርጓሚነት ታወጡታላችሁ። ስትጠይቁም «ልጄ እንዴት ነው?» አትበሉ፤ ለዚያ የሚመጣው መልስ «ጎበዝ ልጅ ነው» ብቻ ነው። «የሆፕ ጂፒኤው ስንት ነው? ከጠንካራዎቹ ትምህርቶች ስንቱን ወስዷል?» በሉ።

ሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን፣ መስጊዶቻችን፣ እድሮቻችንና ኮሚኒቲያችን በየበጋው ጉዞ ያዘጋጃሉ፣ እግር ኳስ ያዘጋጃሉ። ጁላይ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ለዚህ ይስጡ። ኮሌጅ የገቡት ልጆቻችን መጥተው፣ ዘጠነኛ ክፍል የሚገቡትን ከነወላጆቻቸው አስቀምጠው አካውንት ያስከፍቱ፣ በአማርኛም በትግርኛም በኦሮምኛም ያስረዱ። የ12ኛ ክፍል ወላጆችን መጥራት ለሥነ ሥርዓት ነው፤ መጠራት ያለባቸው የስምንተኛ ክፍል ጨራሾች ወላጆች ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል።

ትምህርት ኦገስት መጀመሪያ ላይ ይከፈታል። ልጅዎ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ከገባ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ማታ አጠገቡ ተቀምጠው ጂኤ ፊውቸርስ ላይ አካውንቱን ይክፈቱ፤ ነጻ ነው። ፓስወርዱን እርስዎም ይጻፉት።