የቶርኔዶ ዕለት ልጅ ይዘዝ፣ ትልቅ ሰው ይታዘዝ



በእኛ ባህል ልጅ ትልቅ ሰውን አያዝም። ትልቅ ሰው ሲናገር ልጅ ያዳምጣል። ደግ ልማድ ስለሆነ እዚህ ቴክሳስም ይዘነው ብንቆይ ደስ ይለኛል። ሆኖም በዓመት ውስጥ ለጥቂት ደቂቃዎች ይህ ልማድ ቢገለበጥ ይሻላል እላለሁ፤ ይኸውም የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያ ሲነገር ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

አብዛኞቻችን ወላጆች አገር ቤት የምናውቀው ነፋስ በበጋ ሜዳ ላይ አዋራና ገለባ እያሽከረከረ የሚያልፈውን ነው። ልጆች ሳለን ሰይጣን አለበት ሲባል እንሸሸው ነበር፤ እሱ ግን ጥቂት ዞሮ ይጠፋል። ያ ነፋስ የሚነሳው ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ ካጋለችው መሬት ነው። ቶርኔዶ የሚወለደው ግን ከነጎድጓድ ደመና ነው። ከባሕር የሚነሳው ሀሪኬን ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ ከመድረሱ ከቀናት በፊት ይነገራል። ሦስቱንም “አውሎ ነፋስ” ስለምንላቸው አንድ ይመስሉናል። ቶርኔዶ የሚሰጠን ጊዜ ብዙውን ጊዜ ደቂቃዎች ብቻ ነው።

ልጆች፣ አፈጣጠሩ እንዲህ ነው። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ እኛ ይመጣል። ከምዕራብ ደረቅ አየር፣ ከበላይ ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ያገኘዋል። ሞቃቱ አየር ቀላል ስለሆነ በኃይል ወደ ላይ ይወጣና ትልቅ የነጎድጓድ ደመና ይሆናል። ከመሬት አጠገብ ያለው ነፋስና ከላይ ያለው ነፋስ በፍጥነትና በአቅጣጫ ሲለያዩ፣ መካከላቸው ያለው አየር በሁለት መዳፍ መሐል እንደሚድቦለቦል ሊጥ በአግድም ይሽከረከራል። ወደ ላይ የሚወጣው አየር ይህን ሽክርክሪት ቀና አድርጎ ያቆመዋል፤ ያን ጊዜ ደመናው ራሱ መዞር ይጀምራል። እንዲህ ከሚዞሩት ደመናዎች አብዛኞቹ ቶርኔዶ አያወጡም። ሽክርክሪቱ ወደ መሬት ወርዶ ሲጠብ ግን ፍጥነቱ ይጨምራል፤ መሬት ሲነካ ቶርኔዶ ሆነ ማለት ነው።

ብዙዎቹ ቶርኔዶዎች ደካሞች ናቸው፤ አሥር ደቂቃ እንኳ አይቆዩም። ኃይላቸው ካደረሱት ጉዳት ተነሥቶ ከኢኤፍ 0 እስከ ኢኤፍ 5 ይመደባል። የመጨረሻው ደረጃ ነፋሱ በሰዓት ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

“ይሄ የኦክላሆማ ጣጣ ነው” የሚል ካለ ጋርላንድን ያስታውስ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዲሴምበር 26 ቀን 2015፣ የፈረንጆች ገና ማግስት፣ ከመሸ በኋላ ኢኤፍ 4 የሆነ ቶርኔዶ ጋርላንድንና ሮውሌትን መታ። አሥር ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ መኪና ውስጥ የነበሩ ናቸው። ወቅቱ ክረምት፣ ሰዓቱም ጨለማ ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልመለስ። ልጆቻችን ይህን ሁሉ በትምህርት ቤት ይማራሉ፤ የት እንደሚሸሸጉም ይለማመዳሉ። ስልክ ላይ የሚመጣውን የእንግሊዝኛ መልእክት ከብዙዎቻችን ቀድመው ይረዳሉ። ታዲያ ልጁ “እማዬ፣ እንግባ!” ሲል “ዝም በል፣ ዝናብ ነው” የምንል አለን። ስልክ ይዞ ሊቀርጽ በረንዳ የሚወጣም አይጠፋም። ልጅ ለማሳደግ ከአገር ቤት የመጡት እማማ ደግሞ ሳይረን ሲጮህ ምን እንደሆነ የሚነግራቸው ይፈልጋሉ። ያን ጊዜ ልጁ በአማርኛ መናገር ካልቻለ ምን ይሆናል?

ስለዚህ በአማርኛ ትምህርታችን ከተረትና ከፊደል ጋር እነዚህም ይጠኑ እላለሁ፦

“ቶርኔዶ ዋች” ማለት “ሊመጣ ይችላል፣ ተዘጋጁ” ነው።
“ቶርኔዶ ዋርኒንግ” ማለት “ታይቷል ወይም በራዳር ተገኝቷል፣ አሁኑኑ ግቡ” ነው።
“እማማ፣ ጫማዎን ያድርጉና ይከተሉኝ።”
“ምድር ቤት ካለ ወደዚያ፤ ከሌለ ከታችኛው ፎቅ መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ።”
“ራሳችሁን በብርድ ልብስ ወይም በብስክሌት ሄልሜት ሸፍኑ።”
“መስኮት አትክፈቱ፤ ጊዜ ማጥፋት ነው። መንገድ ላይ ከሆናችሁ ድልድይ ሥር አትጠለሉ፤ ነፋሱ እዚያ ይበረታል።”

ልጆችን ማስፈራት ነው የሚሉ ወላጆች ይኖራሉ። ልጆቹ ግን አስቀድመው ያውቁታል። የሚያስፈራቸው አውቀው ሲናገሩ የሚሰማቸው ማጣት ነው።

በዚህ ቅዳሜ ማታ ከእራት በኋላ ልጃችሁ ቤተሰቡን እየመራ አንድ ጊዜ ያለማምዳችሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል።

ቸር ያሰማን።