የበዓሉ ሥራ በታመመ ወገብ ላይ አይጫን



ጾመ ነቢያት እያለቀ ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ይውላል (በዘመነ ዮሐንስ ሲሆን 28)፤ ከዚያ በ12ኛው ቀን ጥምቀት ነው። በማግስቱ ቃና ዘገሊላ፣ ጥር 18 ሰባር አጽሙ ጊዮርጊስ፣ ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ይከተላሉ። በዚህ ወር ጎንደሬ ቤቱ እንግዳ ሳይገባበት የሚውለው ስንት ቀን ነው? ደስታችን ነው፣ አይቀነስብን። ሆኖም በየጓዳው የሚሆነውን እያየን ዝም ማለት ስላልቻልን ይህችን ጽሑፍ በሰሌዳው ላይ ለጥፈናል።

ነገሩ የቆየ ሕመም ጉዳይ ነው። ወገብ፣ ጉልበት፣ ትከሻ፣ ቁርጥማትና ሪህ የምንለው ሁሉ። ሐኪሞች ከ3 ወር በላይ የቆየን ወይም እየተመላለሰ የሚነሳን ሕመም ሥር የሰደደ ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት 11ኛው የበሽታዎች መዝገብ ራሱን የቻለ ስፍራ ሰጥቶታል። በእኛ ሠፈር ግን «እርጅና ነው»፣ «ብርድ መቷት ነው» ተብሎ ይታለፋል።

እስቲ የአንዲትን እናት የበዓል ሳምንት እንቁጠር። ጌሾው ይወቀጣል፣ ጋኑ ይታጠባል፣ ይታጠናል፣ ጠላው ይጠነሰሳል፣ ይደፈደፋል። በዋዜማው በርጩማ ላይ አጎንብሶ ሽንኩርት መክተፍ አለ፤ ቁሌቱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ዶሮው 12 ብልት ሆኖ መውጣት አለበት፤ አንዱ ብልት ቢጎድል ወሬው በዓሉን ሙሉ ይዘልቃል። ከዚያ ምጣዱ፣ ጭሱ፣ ውኃው፣ ቡናው። ይህን ሁሉ የምትሠራው እናት ዓመቱን ሙሉ ጉልበቷ ሲጠዘጥዛት የከረመች ብትሆንስ? አትቀርም እኮ! ትሠራዋለች። እንዴት እንደምትሠራው ነው የሚያስፈራን።

በኪኒን ነው የምትሠራው። ጠዋት አንድ፣ ቀን ሁለት፣ ማታ ደግሞ ጎረቤት «እኔን አሽሎኛል» ብላ የሰጠቻት ስሙ የማይታወቅ ፍሬ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመም ያስታግሳሉ፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቀን ከቀን ሲወሰዱ ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ያደማሉ፣ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ። ግፊት ወይም ኩላሊት ላለበት ሰው ደግሞ ይብሳሉ። ሁለቱን ደርቦ መዋጥ ጉዳቱን ይጨምራል እንጂ ፈውሱን አያፈጥንም። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ትውከት ደም ካለበት ነገ ጥምቀት ነው ተብሎ አይታደርም፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ነው።

ፓራሲታሞል ለጨጓራ የተሻለ ነው፤ እሱም ቢሆን ልክ አለው። ባለ 500 ሚሊግራሙን ጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ አያሳልፍም፤ የጉበት ሕመም ያለበት ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ሰው ከዚያ ያነሰ ነው የሚታዘዝለት። ትራማዶል የታዘዘላችሁ አባቶች ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ከጠላና ከአረቄ ጋር አንድ ላይ አታድርጉት፤ ሁለቱ ሲገናኙ ትንፋሽ እስከ ማዳከም ይደርሳሉ።

ሪህ ያለባችሁም የፍስኩን ቀን በልክ ያዙት። ከ40 ቀን በላይ በሽሮና በምስር ቆይቶ በአንድ ቀን ሥጋና ጠላ ሲወርድበት፣ በደም ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ ይጨምርና ሌሊት የእግር አውራ ጣት እንደ እሳት ይነሳል። ብርዱ ብቻውን አያመጣውም፤ መገጣጠሚያን ማድረቁና ማሳመሙ ግን የታወቀ ነው። የእኛ ከተማ ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ዳባትና ደባርቅ ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ ከዚያም ከፍ ብለው የጥርን ውርጭ የሚችሉ ናቸው። በዓል ብለው ሲመጡልን ደጅ በምንጣፍ ላይ ከማስተኛት ሞቅ ያለውን ጥግ እንስጣቸው።

ሐኪም ርቆብን አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቁሞ ጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒታሪያን ወደ ጤና ጣቢያ መላክ የተጀመረው በዚህችው በጎንደር ነው፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከገና በፊት ባለው ሳምንት የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በከረጢት ይዞ ጤና ጣቢያ ማሳየት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጾሙን በሚመለከትም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር። የአዲስ ዓለምና የሌላው ሠፈር ሙስሊም ወገኖቻችንም ረመዳን ሲደርስ የኪኒኑን ሰዓት ከኢፍጣርና ከሱሁር ጋር እንዲያስማማላቸው ሐኪሙን ቀደም ብለው ይጠይቁ።

መድኃኒቱ ግን ግማሹ ነገር ነው። ለቆየ ሕመም ትልቁ ዘዴ ሥራን ከፋፍሎ መሥራት፣ ሕመሙ አስገድዶ ሳያስቀምጥ በፊት ማረፍ፣ ፈጽሞ ሳይተኙም መንቀሳቀስ ነው። ይህንን ደግሞ የታመመችው ሴት ብቻዋን ልታደርገው አትችልም። ሽንኩርቱን ማን ይክተፍላት? ቤት ውስጥ ጎረምሳ ልጅ አለ፣ ባል አለ። ዶሮ መበለቱን ለእሷ ቢተዉት እንኳ ሽንኩርት መላጥ፣ ውኃ መቅዳት፣ ጋን ማንሳት ወንድነትን አይቀንስም። በርጩማውን ትቶ በጠረጴዛና በወንበር ላይ መክተፍም ነውር አይደለም፤ ወጡ አያውቀውም!

ወደ ማህበራችን ደንብ እንምጣ። ለጥምቀት እንግዶች ከየቤቱ አንድ ሌማት እንጀራና አንድ ጀሪካን ጠላ ይዋጣል። ደንቡ ጤነኛውንና በሽተኛውን አንድ አድርጎ ይለካል። ያላመጣች ሴት በስብሰባ ላይ ስሟ ሲነሳ ሰምተናል፤ ከስሟ መነሳት ይልቅ ወገቧ ቢሰበር የምትመርጥ አለች። ይህ መለወጥ አለበት እንላለን። ሕመምተኛ ያለበት ቤት በበርበሬ፣ በስኳር፣ በከሰል ወይም በቻለው ገንዘብ ይተካ፤ እሱም ካልሆነለት ይለፍ፤ ምክንያቱንም ማንም በአደባባይ አይጠይቀው። «በሽታ ሁልጊዜ ለምን በበዓል ይመጣል?» የሚሉ አሉ። በበዓል የሚመጣ አይደለም፣ ሥራው የሚበዛው በበዓል ስለሆነ ነው የሚታየን።

የከተራው ጉዞም አለ። ከፋሲል ግንብ እስከ ባሕረ ጥምቀቱ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ግን በታቦት እርምጃ ሰዓታት ይፈጃል፣ በሕዝብ መሐልም መቀመጫ የለም። ሽማግሌ ሁሉ ቤቱ ይቅር ማለታችን አይደለም፤ ያንን ቀን ከእማማ ወይም ከአባባ መንጠቅ ከሕመሙ የከፋ ነው። ከመንገዱ ዳር፣ በሠፈራችን መውጫ ጥላ ሥር፣ ወንበር ተደርድሮ ታቦቱ ሲያልፍ ተቀምጠው ይሳለሙ። ሌሊቱን እዚያው ማደር የሚፈልግ ጋቢና ከሥር የሚነጠፍ ነገር ይያዝ፣ አንድ ወጣትም አብሮት ይደር። በእንጨት ርብራብ ላይ ግን ማንንም አናውጣ፤ በ2012 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት በዚያው በባሕረ ጥምቀቱ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰው ሞቷል፣ ብዙዎችም ተጎድተዋል።

የመዋጮው ነገር በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሚደረገው ስብሰባ እንዲነሳ ለሊቀመንበሩ አመልክተናል፤ ባሎችም እንዲመጡ ይሁን። ለከተራ ወንበር ማዋስ የምትችሉ ስንት እንደሆነ ለማህበሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ፤ የራሳችሁ መሆኑ እንዲታወቅ ከሥሩ በቀለም ምልክት አድርጉበት፤ ባለፈው ዓመት 3 ወንበር ባለቤቱ ሳይታወቅ ቀርቷል።