በልብ ያለው ሙያ ለልጅ ይተላለፍ

ሃምሳ አምስቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ተፈጽመው የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የትንሣኤ በዓል ሲደርስ፣ የክርስቲያኑ ቤት ሁሉ ሐሳብ ወደ ማጀት ይመለሳል። በጎጃምም ከጢስ ዓባይ መንደሮች አንሥቶ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ድረስ ጠላው ሲጠመቅ፣ ሽንኩርቱ ሲከተፍ፣ ድፎው ሲደፋ፣ ዶሮው በአሥራ ሁለት ብልት ሲገነጠል ይታያል። ይሁን እንጂ ምእመኑ ከሌሊቱ ቅዳሴ ሲመለስ በብዙ ቤት መጀመሪያ የሚቀርብለት ዶሮ ወጡ ሳይሆን የተልባ ውኃ ነው። ተልባው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ተነፍቶና በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ለሁለት ወር ያህል ከሥጋና ከቅቤ የራቀውን ሆድ አለስልሶ ለፍስኩ ያዘጋጃል ተብሎ ይታመናል። ሥርዓቱን እናቶች ከእናቶቻቸው ተቀብለውታል።

በዚህ የበዓል ዕለት ስለዚያች አንድ ዋንጫ ተልባና ስለ መሰሎቿ ለመናገር ወደናል። የዶሮ ወጥ ባለቤት ብዙ ነው፤ እንግዳ ይጠራበታል፣ ይዘፈንለታል፣ አይረሳም። ቤተ ሰብን ከዓመት እስከ ዓመት ያኖረው ግን ስም ያልወጣለት ተራው የቤት ምግብ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ያወጀቻቸው ሰባቱ አጽዋማት፣ ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ፣ ሲደመሩ ወደ 180 ቀናት ይደርሳሉ። የዓመቱ ግማሽ ገበታ በእህል፣ በጥራጥሬና በቅባት እህል የተመሠረተ ነው ማለት ነው። ይህን ገበታ ሳያሰለች ለማቅረብ ምን ያህል ብልሃት እንደጠየቀ ማሰብ ይገባል።

ሱፍ ፍትፍትን እንመልከት። ሱፉ ታጥቦ ለብ ለብ ይደረጋል፤ ከዚያም ተወቅጦ በውኃ ይታሻል። በንጹሕ ጨርቅ ሲጠለል ገለባው ወደ ኋላ ይቀርና ወተት የመሰለ ነጭ ውኃ ይወርዳል። በዚህ ላይ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ጨው ተጨምሮ እንጀራ ይፈተፈትበታል። ስልጆ ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ነው። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ ተገንፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ገብቶበት ለጥቂት ቀናት እንዲብላላ ይተዋል። ቀኑ ካነሰ ሳይበስል ይቀራል፤ ከበዛ ይኮመጥጣል። መቼ እንደ ደረሰ የምታውቀው ባለሙያዋ ናት፤ የምታውቀውም በሽታው ነው።

ሽሮም ቢሆን እንደ ስሙ ቀላል አይደለም። አተሩ ወይም ባቄላው ምን ያህል እንደሚቆላ፣ በሶብላው፣ ነጭ አዝሙዱና ኮረሪማው በምን ያህል መጠን እንደሚገባ ከቤት ቤት ይለያያል። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት እህል የሚጎድለውን የገንቢ ምግብ ክፍል ጥራጥሬ ያሟላዋል። ሽሮን በእንጀራ ያጋቡት እናቶች ይህን በቤተ ሙከራ ሳይሆን በዘመናት ልምድ ደርሰውበታል። በጎጃም ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ የሚሆነው ዳጉሳም ካልሲየም በብዛት የሚገኝበት እህል ነው።

ይህን ስንል የጥንቱ ሁሉ ሳይነካ ይቀመጥ ማለታችን አይደለም። ማጀት ምንጊዜም አዲስ ነገር ሲቀበል የኖረ ነው። ዛሬ ቡሬንና አካባቢዋን ያስጠራው በርበሬ፣ በምዕራብ ጎጃም ማሳ የተንሰራፋውም በቆሎ፣ መነሻቸው የአሜሪካ ምድር ነው፤ ወደ አፍሪካ የተሻገሩትም እ.ኤ.አ. ከ1492 በኋላ ነው። እናቶች የመጣውን ተቀብለው በራሳቸው ሥርዓት አስገቡት እንጂ አልሸሹትም። የሚያሳስበን ለውጡ አይደለም፤ የሚያሳስበን የሚያስረክበውና የሚረከበው ሳይገናኙ መቅረታቸው ነው።

ጉዳዩ የጣዕም ብቻ እንዳይመስለንም ጓያን እናስታውስ። ጓያ ድርቅን የሚችል፣ ሌላው እህል ሲጠፋ የሚተርፍ ነው። በችግር ዘመን ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ ግን እግርን ለዘለቄታው የሚያሽመደምድ በሽታ ያመጣል። ከመበላቱ በፊት ተዘፍዝፎና ተቀቅሎ ውኃው ሲደፋ መርዙ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ግን አይጠፋም። ከሌላ እህልና ጥራጥሬ ጋር መደባለቁም ይረዳል። እንግዲህ «ዘፍዝፊው፣ ውኃውን ድፊው፣ ለብቻው አታዘውትሪው» የሚለው የእናት ቃል ለልጅ ሳይደርስ ቢቀር፣ የሚጎድለው የወጥ ማጣፈጫ ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ጎጃም የመጻፍና የመማር አገር ነው። ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ስልት የተሰየመባቸው ጉባኤ ቤቶች ናቸው። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ገድሉንና ድርሳኑን ለትውልድ ያቆዩ ጸሐፍት ከዚሁ ምድር ወጥተዋል። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽና ቆሎ የሰጡት እናቶች ግን የራሳቸውን ዕውቀት የሚጽፍላቸው አላገኙም። ሊቃውንቱን ያበላው እጅ ምን እንደሠራ መዝገብ አልያዘውም።

በእርግጥ ጅምር አለ። የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት በነበረበት ዘመን የአገራችንን ምግቦች ይዘት መርምሯል፤ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ምግቦች ይዘት ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1968 ታትሟል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ልጆቻቸው የአገራቸውን ምግብ እንዳይረሱ ብለው አዘገጃጀቱን በእንግሊዝኛ በመጽሐፍ አውጥተዋል፤ ዳንኤል ጆቴ መስፍን እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት ለዚህ ተጠቃሽ ነው። ከአገር የራቀ ሰው መጻፍን አስቀድሞ ማሰቡ አያስገርምም፤ የሚጠይቃት እናት በአጠገቡ የለችምና። ይሁንና የየቀዬውን ማጀት አንድ መጽሐፍ ሊይዘው አይችልም። የጢስ ዓባይዋ እናት ስልጆ ከቡሬዋ እናት ስልጆ የሚለይበትን የሚያውቁት የየቤቱ ሰዎች ናቸው።

ዛሬ ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ትውላለች፤ ይህም ሊያስደስተን ይገባል። በከተማ ያለው ቤተ ሰብ ሽሮውንና በርበሬውን ከባልትና ሱቅ ተዘጋጅቶ ይገዛል፤ ጊዜ ለሌለው ሠራተኛ እፎይታ ነው። ከዚህ በላይ የሚያሳዝነው፣ ባለፉት ዓመታት በክልሉ በደረሰው ግጭት ከቀዬአቸው የተለዩ ቤተ ሰቦች መኖራቸው ነው። ሙቀጫና ምጣዱን ጥሎ የወጣ ሰው ይዞት የሚሄደው በልቡ ያለውን ብቻ ነው። አበው «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ። ምሳሌው ከመፎከር ይልቅ ሠርቶ ማሳየት እንደሚሻል ይመክራል፤ ምክሩም መልካም ነው። ነገር ግን በልብ ብቻ ያለ ሙያ ከባለቤቱ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል።

ስለዚህ በዚህ የትንሣኤ በዓል እያንዳንዱ ቤት አንድ ነገር እንዲያደርግ እናሳስባለን። ልጆች ከእናታቸው፣ የልጅ ልጆችም ከአያታቸው ዘንድ በምድጃው ዳር ይቀመጡ። እናት «በመጠኑ» ስትል «ይህ መጠን በቤታችን ጣሳ ስንት ነው? በማንኪያስ?» ብለው ይጠይቁ። ከእጇ ከመግባቱ በፊት ይስፈሩት፤ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ምን ዓይነት ሽታና ቀለም ሲይዝ እንደሚወርድ ይጻፉ። ከማን እንደተማረችው ስሟን ጭምር ያስፍሩ። ይህ የሴቶች ልጆች ሥራ ብቻ እንዳይሆን፤ ወንዶቹም ደብተር ይያዙ፣ ወንፊቱንም ያንሡ። የሰንበት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከየቤቱ የተጻፈውን ቢሰበስቡ የአጥቢያቸውን የጾም ገበታ በአንድ ጥራዝ ሊያኖሩት ይችላሉ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ደብተርና እርሳስ፣ ከዚህም ይልቅ ትዕግሥት ይበቃዋል።

ጢስ ዓባይ ስሙን ያገኘው ውኃው ሲወርድ ከሚነሣው ጢስ መሰል ጉም ነው። እርሱን ለማየት ሰው ከሩቅ አገር ይመጣል። በአቅራቢያው ባሉ ጎጆዎች ከምድጃ የሚነሣውን ሌላውን ጢስ፣ በእርሱም ውስጥ ዐይኗ እያለቀሰ ቤቷን ያጠገበችውን እናት ግን የሚያያት ጥቂት ነው። ዛሬ ፍስኩን ስንቆርስ እርሷን አመስግነን እንጠይቃት፤ የነገረችንንም እንጻፍ።