ስካይላይን ድራይቭ፦ ቅጠሉን ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ

ጥቅምት ሲገባ በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ሐበሾች አንድ የጋራ ልማድ አለን። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን መኪና ውስጥ እናስገባና፣ ዳቦውንና ሻዩን ይዘን፣ ሃይዌይ 66ን ወደ ምዕራብ እንነዳለን። የምንሄደው ቅጠል ለማየት ነው። ተራራው ቀይና ቢጫ ሲሆን ፎቶ እንነሳለን፣ ከዚያ ወደ ቤት። እኔም ለዓመታት እንደዚሁ ነበርኩ። ባለፈው ዓመት ግን ከአገር ቤት የመጣችው እናቴ አብራን ነበረችና ጉዞው ሌላ ሆነ።

መንገዱ ስካይላይን ድራይቭ ይባላል። ከፍሮንት ሮያል ከተማ ተነስቶ በብሉ ሪጅ ተራሮች አናት ላይ 105 ማይል ወደ ደቡብ ይሄዳል። ያለው በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። የፍጥነት ወሰኑ 35 ማይል ስለሆነ የሚቸኩል ሰው ባይገባበት ይሻላል። በየማይሉ ቁጥር ያለበት አጭር ምሰሶ ከመንገዱ ዳር ቆሟል፤ ቁጥሩ የሚጀምረው ከፍሮንት ሮያል ነው። ቦታዎቹን የምነግራችሁ በዚሁ ቁጥር ነው። ዓመቶቹ ደግሞ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ማይል 4.6፦ ፎክስ ሆሎው። የመጀመሪያው የጎብኚዎች ማዕከል እዚህ ነው። ከመንገዱ ማዶ ለልጆች የሚመች፣ ከአንድ ማይል ትንሽ የሚበልጥ የእግር መንገድ አለ። ጫካ ብቻ ይመስላችኋል። ጥቂት ስትራመዱ ግን የድንጋይ ክምር ታያላችሁ፤ ገበሬ ከእርሻው ለቅሞ ያከማቸው ነው። ቀጥሎ የቤተሰብ መቃብር ይመጣል። እዚህ የፎክስ ቤተሰብ ያርስ ነበር።

ልጄ መቃብሩን አይታ፣ “አያቴ፣ ሰዎቹ የት ሄዱ?” አለች። እናቴም ወደ እኔ ዞረች። እኔ ደግሞ ያነበብኩትን ነገርኳቸው። ተራራው ባዶ አልነበረም። ፓርኩ እንዲሠራ ሲወሰን የቨርጂኒያ ግዛት በ1928 ሕግ አወጣ፤ ከእያንዳንዱ ባለቤት ጋር ሳይስማማ መሬቱን ዋጋ ተምኖ መውሰድ ቻለ። ወደ 500 የሚጠጉ ቤተሰቦች ከቤታቸው ተነሱ። የመሬት ባለቤቶች ካሳ ሲከፈላቸው፣ በሰው መሬት ላይ ይኖሩ የነበሩት ግን ለመሬቱ ምንም አላገኙም። ብዙዎቹ ቤቶች ሰው ተመልሶ እንዳይገባባቸው ፈረሱ ወይም ተቃጠሉ። በዚያን ጊዜ ስለ እነዚህ ሰዎች ሲጻፍ “ኋላ ቀር” እየተባሉ ነበር።

እናቴ ዝም ብላ ሰማችኝና ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። አዲስ አበባ ውስጥ እኔና እህቶቼ ያደግንበት ግቢ ከፈረሰ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። እሷም ከአርባ ዓመት ጎረቤቶቿ ተለይታ ኮንዶሚኒየም ገብታለች። “በል እንግዲህ ለልጅቷ አስረዳት” አለችኝ። “እነዚህም የልማት ተነሺዎች ናቸዋ!” ከዚያ ተነስታ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ የወደቀውን ቅጠል በእጇ ጠረገች።

ለልጄ “የልማት ተነሺ” የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሞከርኩ። አንድ ቃል አጣሁለት። ስለ ግቢያችን መንገር ነበረብኝ፤ ከዚያ በፊት ነግሬያት አላውቅም።

ማይል 32፦ ዋሻው። ሜሪስ ሮክ በሚባለው ተራራ ሥር ከ600 ጫማ በላይ ርዝመት ያለው ዋሻ በ1932 አለቱን ሰብረው አውጥተዋል። ልጆች መስኮት ከፍተው የሚጮሁበት ቦታ ነው፤ እናቴም ጮሃለች።

ማይል 51፦ ቢግ ሜዶውስ። እዚህ ካለው የጎብኚዎች ማዕከል አጠገብ መጥረቢያ የያዘ ወጣት ሐውልት አለ። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሥራ ጠፍቶ ነበር፤ መንግሥት ሥራ አጥ ወጣቶችን በካምፕ እያሰፈረ ያሠራ ጀመር። የመንገዱን ዳር የድንጋይ አጥርና መቆሚያ ቦታዎቹን የሠሩት፣ ዛፍ የተከሉት እነሱ ናቸው። ደመወዛቸው በወር 30 ዶላር ሲሆን 25ቱ በቀጥታ ለቤተሰብ ይላክ ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ ሳቀች። “ታዲያ እንዳንተ ናቸው!” አለችኝ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1936 መጥተው ፓርኩን የመረቁት እዚሁ ሜዳ ላይ ነው።

ማይል 57.5፦ ሉዊስ ማውንቴን። ዛሬ ድንኳን የሚተከልበትና ጎጆ የሚከራይበት ጸጥ ያለ ቦታ ነው። በ1939 ሲከፈት ግን ለጥቁሮች ብቻ የተመደበ ነበር። “ለኔግሮ” የሚል ምልክትም ነበረው። ነጮች ወደሚያድሩባቸው የፓርኩ ማረፊያዎች ጥቁር ቤተሰብ እንደልቡ አይገባም ነበር። ይህ መለያየት ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1950 ነው። ልጄ፣ “እኛ ያኔ ብንመጣስ?” አለችኝ። “እዚህ ነበር የምናድረው” አልኳት። ጥቂት አሰበችና፣ “ግን እዚህም ያምራል” አለች። አዎ፣ ያምራል። ያም ቢሆን ልጆቻችን ማወቅ አለባቸው እላለሁ። ይህ አገራቸው ነው፤ ታሪኩም የእነሱ ነው።

ፓርኩ በመኖሩ እኔ አልከፋም። እዚያ ላይ ቤትና ሱቅ ተሠርቶበት ቢሆን እኛም ለማየት ባልደረስን ነበር። የምለው፣ ያማረ ቦታ ስናይ “ከእኛ በፊት እዚህ ማን ነበር?” ብለን እንጠይቅ ነው።

ለምትሄዱ ሰዎች ጥቂት ምክር፦ የጥቅምት ቅዳሜና እሁድ መግቢያው ላይ የመኪና ሰልፍ አለ፤ ማልዳችሁ ድረሱ። ክፍያው በመኪና ነው፤ ደረሰኙን አትጣሉ፣ ለተከታታይ ቀናት ያገለግላል። አራተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ካላችሁ ለብሔራዊ ፓርኮች ነጻ የቤተሰብ መግቢያ አለው፤ ከመሄዳችሁ በፊት በኢንተርኔት አውጡለት። ነዳጅ ሞልታችሁ ግቡ፤ ስልክ ብዙ ቦታ ስለማይሠራ ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ። ከታች ሞቆ ከላይ ይበርዳልና ጋቢ ያዙ። አጋዘን በድንገት መንገድ ላይ ይገባል፤ ቀስ በሉ። በእርሻዎቹ ፍርስራሽ ላይ ያገኛችሁትን ማንኛውንም ነገር እዚያው ተዉት።

ለልጆች ደግሞ የቤት ሥራ አለኝ። በዚህ ሳምንት ለአያታችሁ ደውሉና “ያደግሽበት ቤት ምን ይመስል ነበር?” ብላችሁ ጠይቁ። በሩ በየት በኩል ነበር? ግቢው ውስጥ ምን ዛፍ ነበር? ጎረቤት እነማን ነበሩ? ከዚያ በወረቀት ላይ ሳሉት። ልጄ የእኛን ግቢ እናቴ እየነገረቻት ስላዋለች፤ ማድቤቱ፣ የውሃ ቧንቧው፣ ኮባው ሁሉ አለበት። ፍሪጃችን ላይ ለጥፈነዋል።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ መልካም መንገድ!